አንዱ ባትሪ ውሃ ይጠጣል፣ ሌላው አይነካም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ለሌሎቹም እንዲገባ ባጭሩ ልድገመው። ከቦረና ወደ አዳማ በሬ የምትጭንበት ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና አለህ። ከጋቢናው ጀርባ ለሁለት ሰው የሚሆን መኝታ ክፍል አሠርተሃል። ውስጡ አምፖል፣ ፋንና የከብት መድኃኒት የምታስቀምጥበት ትንሽ ፍሪጅ አለ። በአስር ወር ውስጥ ለክፍሉ ሦስተኛ ባትሪ ልትገዛ ነው። «የትኛው ብራንድ ይሻለኛል?» ነው ያልከው።

ብራንዱን ለጊዜው ተወው። እኔን ያስደነገጠኝ መሀል ላይ ጣል ያደረግካት ነገር ናት፦ «ኤሌክትሪሺያኑ የክፍሉን ባትሪ ከመኪናው ሁለት ባትሪዎች ከአንዱ ጋር አያያዘልኝ።» በዚህች ነገር እኔም ተቃጥያለሁ።

እኔም አዳማ ነኝ፤ ያንኑ መንገድ ነው የምመላለሰው። ያኔ ለክፍሉ የብቻው ባትሪ እንኳ አልነበረኝም። መኪናው ሁለት ባለ12 ባትሪ ተቀጣጥሎ 24 ቮልት፣ ፍሪጁ 12 ቮልት ስለሆነ ባለሙያው ከአንዱ ባትሪ ላይ ቀጥታ ሳበልኝ። ሠራ፤ እኔም ደስ አለኝ። ከጥቂት ወር በኋላ ባቱ ላይ አድረን ሊነጋጋ ሲል ቁልፍ ባዞር ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) «ቀጭ» ብሎ ዝም። በሬዎቹ መኪናው ላይ ቆመዋል፤ ፀሐይ እየመጣች ነው። ረዳቴ ያየኛል፣ እኔ እሱን አየዋለሁ። አጠገባችን ያደሩ አንድ አዛውንት ሹፌር ኬብላቸውን ይዘው መጡ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ግን ስለ ሞተሪኖው አልነበረም። «የትኛው ባትሪህ ነው ውሃ የሚጠጣው?» አሉኝ።

«የግራው ነው ጋሼ። በየሳምንቱ እጨምርለታለሁ። የቀኙ አይነካም።»

ሳቁብኝ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ቴስተር አውጥተው ለኩልኝ። ሁለቱም አንድ ላይ 28.2 ቮልት፤ ምንም አይልም። ለየብቻ ሲለካ ግን ግራው 15.1፣ ቀኙ 13.1። ፍሪጁ የተሳበው ከቀኙ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ሲዞር ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ሁለቱን ባትሪ እንደ አንድ ነው የሚያያቸው። ድምሩ 28 አካባቢ ከደረሰ ሥራዬን ጨረስኩ ይላል። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ ሲያበላ አድሮ ባዶውን ይነሳል፣ ሌላው ሙሉ ሆኖ ይነሳል። በሁለቱም ውስጥ የሚያልፈው ቻርጅ ደግሞ እኩል ነው። ስለዚህ ሙሉው ይፈላል፤ ውሃውም ይተናል። ባዶው ሳይሞላ ይቀራል። ሳይሞላ የሚከርም ባትሪ ሳህኖቹ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት ይጠነክራል። ከጠነከረ በኋላ ቻርጅ ብታደርገውም አይመለስም። ሁለት ባትሪ የበላብህ ይሄ ይመስለኛል። ምርጥ ብራንድ ብትገዛም ያው ነው፤ ምናልባት ሁለት ወር ይጨምርልህ እንደሆነ እንጂ።

መፍትሔው 24 ተቀብሎ 12 ባትሪ የሚሞላ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ነው። ከሁለቱ ባትሪዎች ዳርና ዳር ይያዛል፣ ሁለቱንም እኩል ይበላል። ሞተር ሲጠፋ ራሱ የሚዘጋውን ፈልግ፤ አለዚያ የክፍሉ ፍሪጅ የመኪናህን ባትሪ አንጠፍጥፎ ያሳድርሃል። አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ሱቅ ሄደህ «24 ወደ 12» ስትል ለቴፕና ለስልክ የሚሆነውን ኮንቨርተር ይሰጡሃል። እሱ አብዛኛውን ጊዜ 12 ወይም 13.8 ላይ ይቆማል። የውሃ ባትሪ በደንብ እንዲሞላ 14.4 አካባቢ ማግኘት አለበት። ሻጩ «ያው ነው» ቢልህ አትስማው።

ሽቦውንም እይልኝ። የእኔ ዞሮ ዞሮ መሄጃው ብቻ 8 ሜትር ነበር፣ ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር። 15 አምፔር ሲያልፍበት መሄጃና መመለሻው ተደምሮ ወደ 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከ14.4 ላይ ይህን ስትቀንስ የሚደርሰው 12.7 ነው፤ በዚያ ምን ይሞላል? ስለዚህ ቻርጀሩን ክፍሉ ውስጥ፣ ባትሪው አጠገብ እሰረው። ረጅሙ ሽቦ 24 ቮልት ይሸከም፤ አምፔሩ በግማሽ ስለሚቀንስ ብክነቱም ይቀንሳል። ሽቦውን ግን 10 ወይም 16 አድርገው። ከመኪናው ባትሪ እንደወጣ፣ እጅ በማይሞላ ርቀት ላይ ፊውዝ ይኑረው። ክፍሉ ባትሪ በኩልም እንዲሁ። በሬ ጭነህ ሽቦ ሲነድ ማየት አትፈልግም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ትንሽ የ12 ቮልት ፍሪጅ ሲሠራ 4 አምፔር ቢበላና ግማሹን ሰዓት ቢያርፍ በ24 ሰዓት 48 አምፔር-ሰዓት ይደርሳል። ባትሪህ 100 ነው። የውሃ ባትሪ ከግማሽ በታች ባታወርደው ይሻላል፤ ስለዚህ ያለህ 50 ብቻ ነው። ፋኑንና አምፖሉን ሳንቆጥር አንድ ቀን ማለት ነው። ያቤሎ ጭነት ስትጠብቅ ሁለት ቀን ከቆምክ አልቋል። ለዚህ ነው እኔ ጣሪያው ላይ 200 ዋት ሶላር የጨመርኩት። ፓኔሉን ግን ጥረገው። የእኛ መንገድ አቧራ በሦስት ቀን ቡና ዓይነት ያደርገዋል፤ ረዳቴ ጎማ ሲፈትሽ እሱንም በእርጥብ ጨርቅ ያብሰዋል።

ባትሪህ የመኪና ማስነሻ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሳህኑ ስስ ነው። ለአንድ አፍታ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ እንዲያወጣ አልተሠራም። ለሶላር የሚሸጠውን ዲፕ ሳይክል ውሰድ። ሊቲየም ጥሩ ነው፣ ቀላልም ነው፤ ግን ያለ ቻርጀር ቀጥታ ዲናሞ ላይ ካሰርከው ያገኘውን ሁሉ ስለሚስብ ዲናሞውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ውሃውን በወር አንዴ ክፈትና እይ። ሳህኖቹ ካልተሸፈኑ እስኪሸፈኑ ብቻ ጨምር፤ ከዚያ ቻርጅ አድርገህ ቀሪውን ሙላ። ዲስትልድ ውሃ ብቻ። «ትንሽ አሲድ ጣል ብታደርግበት ይነቃል» የሚል አይጠፋም፤ አሲዱ እኮ አይተንም፣ የሚተነው ውሃው ነው። ተርሚናሉ ላይ ነጭ ነገር ካበቀለ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠህ እጠበው፤ ክዳኖቹ ግን በደንብ ይዘጉ።

በላክኸው ፎቶ ላይ የክፍሉን ባትሪ አልጋው ሥር አየሁት። ይህን ዛሬውኑ አውጣው። የውሃ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ ሁለት ሰው በሩን ዘግቶ በሚተኛበት፣ ምናልባትም አንዱ ሲጋራ በሚለኩስበት ክፍል ውስጥ አይቀመጥም። እኔ ከውጭ በኩል ሳጥን አስበየድኩለት፤ ከላይም ከታችም ቀዳዳ አለው። ሙቀቱም ይቀንስለታል። ባትሪ በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል ይባላል፤ የአዳማን ቀን ደግሞ ታውቀዋለህ።

በሬዎቹን አራግፈህ መኪናው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ የክፍሉን ኔጋቲቭ ፍታው። የተረሳች 0.1 አምፔር በ20 ቀን 48 አምፔር-ሰዓት ትበላለች።

ከመግዛትህ በፊት ይህን አድርግልኝ። ነገ ጠዋት ሞተር ሳታስነሳ ሦስቱንም ባትሪ ለየብቻ ለካ። የክፍሉን ከተያያዘበት የመኪናው ባትሪ ፈትተህ፣ ጥቂት ሰዓት አሳርፈህ ለካው፤ አለዚያ የሁለቱን አንድ ላይ ነው የምታነበው። ያረፈ ባትሪ 12.7 ካለ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ፣ ከ11.9 በታች ባዶ። ከዚያ ሞተር አስነስተህ የመኪናውን ሁለቱን ድገማቸው። ቁጥሮቹን እዚሁ ጻፍልኝ፤ የትኛው ባትሪ ውሃ እንደሚጠጣም ጨምርበት።