ገብሱ ለምን ቀጨጨ? ስለ ኖራና ስለ አመድ

ጥያቄ፦ ኤንፒኤስና ዩሪያ ማዳበሪያ ሳላጓድል ገብሴ ከጉልበት አያልፍም፤ እንግዶ (የአጃ ዓይነት) ግን እዚያው ማሳ ላይ ይፋፋል። የልማት ሠራተኛዋ «አፈሩ ኮምጥጧል፣ ኖራ ይፈልጋል» አለችኝ። ለአንድ ጥማድ ስንት ኩንታል ይበቃል?
አርሶ አደር፣ ከአዊ

መልስ፦ ሳትሳሳት አትቀርም ብለው አይጠራጠሩ፤ እንግዶ አሲድ ይችላል፣ ገብስ አይችልም። ከጎጃም እስከ ወለጋ ባሉት ዝናባማ ደጋዎች ካልሲየሙ በዘመናት ታጥቦ ሄዶ አፈሩ ኮምጥጧል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፤ አንድ እግር ነቅለው ቢያዩ ሥሩ አጭርና ወፍራም ሆኖ ያገኙታል። የማዳበሪያውን ፎስፈረስም ያስረዋል። ማዳበሪያ መጨመር እንግዲህ ብር መበተን ነው።

መጠኑ በግምት አይሆንም። ከማሳው 10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት አፈር ወስደው በንጹሕ ባልዲ ይደባልቁና አንድ ኪሎ ያህሉን ለቤተ ሙከራ ይስጡ። ከድሮ በረት፣ ከዛፍ ሥርና ከወሰን ዳር አይውሰዱ። ከፒኤች ሌላ ተለዋጭ አሲድነቱ (በአፈሩ ቅንጣት ላይ የተያዘው አሉሚኒየምና ሃይድሮጂን) እንዲለካልዎ ይጠይቁ፤ ስሌቱ በእሱ ነው። ውጤቱ 2 ሴንቲሞል በኪሎ (ቤተ ሙከራው የሚጽፍበት መለኪያ ነው) ቢሆን በሄክታር 27 ኩንታል ገደማ፣ ለጥማድ (ሩብ ሄክታር) ወደ 7 ኩንታል ይመጣል።

የሚፈለገው ግድግዳ የሚቀባበት የተቃጠለ ኖራ ሳይሆን የተፈጨ ጥሬ የኖራ ድንጋይ ነው። በጣት ሲያሹት እንደ ዱቄት ይላም፤ ሸካራው ለዓመታት ሳይሟሟ ይቀመጣል። ከዘር አንድ ወር ቀደም ብለው፣ አፈሩ ሲርስ፣ ነፋስ በሌለበት ጧት አፍንጫዎን ሸፍነው ግማሹን በቁመት፣ ግማሹን በአግድም ይበትኑ። ያንኑ ዕለት በማረሻ ያስገቡት፤ ከሰነበተ በኋላ በአግድም ደግመው ይረሱት። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፤ ኖራ በራሱ ወደ ታች አይወርድም፣ ላይ የቀረው ለሥሩ አይደርስም። ከዩሪያ ጋር ቀላቅለው አይበትኑት፤ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ከታዘዘው በላይ ቢያበዙትም ዚንክ ለሰብሉ ይጠፋል።

በ4 ወይም በ5 ዓመት እንደገና ያስመርምሩ። ዩሪያ በየዓመቱ ሲገባና ጭዱ በሙሉ ሲነሳ አሲዱ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ኖራ በወቅቱ አይደርሰንም። አመድ አይተካውም?
አንባቢ፣ ከጊምቢ

መልስ፦ ይሠራል፣ ጉልበቱ ግን ቢበዛ የኖራ ግማሽ ነው። ለጥማድ ከ14 ኩንታል በላይ አመድ የሚሰጥ ምድጃ የለም! ለጓሮ ጎመን ያውሉት፤ ድንች ላይ ግን አያብዙት፣ የልጣጭ እከክ በሽታ ያመጣበታል።