ካርዱ ላይ የማን ስም አለ?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አዲስ ሥራ የጀመረች ልጅ ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ ቡድናችን የፕሮጀክት ማስተዳደሪያ አፕ ሊጀምር ነው። ማደራጀቱ ለእኔ ተሰጠኝ። ከየት ልጀምር?" አለችኝ። በስልክ የመለስኩላት ትንሽ ነው። ማታ ሳስበው ያልነገርኳት በዛብኝ። እንደ እሷ ግራ የተጋባችሁ ብዙ እንደምትሆኑ ስለማውቅ ይኸው ጻፍኩት።

ፕሮጀክት መምራት ከጀመርኩ 30 ዓመት አልፎኛል። ያኔ ሥራ የምንከፋፈለው በወረቀት ነበር። ከዚያ ኤክሴል መጣ። ኢሜይል መጣ። ቀጥሎ እናንተ የምታውቋቸው ጂራ፣ ትሬሎ፣ አሳና የሚባሉ የፕሮጀክት ማስተዳደሪያ አፖች መጡ። መሣሪያው ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። ሥራን ውሃ የሚበላው ግን ዛሬም በዚያው በድሮው መንገድ ነው።

አንድ የደረሰብንን ልንገራችሁ። ስድስት ሆነን ለአንድ ደንበኛ ሥራ እንሠራ ነበር። አፑ ውስጥ ሥራዎቹ በዓምድ ተደርድረው የሚታዩበት ገጽ ቦርድ ይባላል፤ እያንዳንዱ ሥራ አንድ ካርድ ነው፤ ሥራው ሲራመድ ካርዱ ወደሚቀጥለው ዓምድ ይዛወራል። ቦርዳችን ላይ "የተጠቃሚ መመሪያ" የሚል ካርድ አለ። ሌላ ምንም አይልም። ሥሩ የሦስት ሰው ስም ተደርድሯል። ቀን የለውም። ይህ ካርድ "በሥራ ላይ" በሚለው ዓምድ ውስጥ አምስት ሳምንት ተቀመጠ። ሁላችንም በየቀኑ እናየዋለን። ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው "መመሪያውስ?" ብዬ ጠየቅኩ። አንደኛው "እሷ እየጻፈችው መስሎኝ" አለ። እሷ ደግሞ "እኔ እኮ ሥዕሎቹን ብቻ ነው የያዝኩት" አለች። ሦስተኛው ስሙ እዚያ መኖሩንም አላወቀም። አንድ መስመር አልተጻፈም ነበር። ሁለት ሌሊት ሳንተኛ ጻፍነው። ደንበኛው ግን ገና የመጀመሪያውን ገጽ ሲያነብ በጥድፊያ የተሠራ መሆኑ ገባው።

ከሦስቱ አንዳቸውም ሰነፍ አልነበሩም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ስም ስደረድር ሥራውን ያጠናከርኩት መስሎኝ ነበር። ሦስት ሰው የተጻፈበት ሥራ ሦስት ሰው "እነሱ ይሠሩታል" ብሎ የሚተወው ሥራ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ካርድ ላይ አንድ ስም ብቻ ነው የማስቀምጠው። ሰውየው ብቻውን ይሠራዋል ማለት አይደለም። አምስት ሰው ሊያግዘው ይችላል። ግን "የት ደረሰ?" ሲባል ቀና የሚለው አንድ ሰው ነው።

አጻጻፉንም ልብ በሉ። "የተጠቃሚ መመሪያ" ሥራ አይደለም፤ ስም ነው። "የመመሪያውን የመጀመሪያ ረቂቅ ጽፎ ለግምገማ መላክ" ቢል ኖሮ የሚያነበው ሰው እጁ የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ካርዱ ሥር ደግሞ አንድ መስመር ጨምሩ፤ ይህ ሥራ አለቀ የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ሲጻፍ ነው? ሲገመገም ነው? ደንበኛው እጅ ሲገባ ነው? ይህን ቀድማችሁ ካልተስማማችሁ የአንዱ "ጨረስኩ" ለሌላው "ገና ነው" ይሆናል። በሥራ ቦታ ያየኋቸው ብዙ ጠቦች የተነሱት ከዚህች ነገር ነው።

አፕ መምረጡ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ጂራ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ የሶፍትዌር ሰዎች ስህተት የሚከታተሉበት ነበር፤ ዛሬም ለእነሱ ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ትሬሎ ቀለል ያለ ነው፤ ለትንሽ ቡድን ይበቃል። አብዛኞቹ ያለ ክፍያ የሚሞከር እርከን አላቸው። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጡ፤ ያስገባችሁትን መረጃ መልሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ ወይ?

እነዚህ ቦርዶች ከየት እንደመጡ ማወቁ ግን ይጠቅማችኋል። ታይቺ ኦኖ የተባለ የቶዮታ ሰው ነው ነገሩን ያመጣው። ሐሳቡን የወሰደው ከአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች ነው። እዚያ መደርደሪያ የሚሞላው ደንበኛው ያነሳውን ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በቶዮታ ፋብሪካ ሠራተኞች በካርድ መሥራት ጀመሩ። ካርዱ ካንባን ይባላል፤ በጃፓንኛ ሰሌዳ፣ ምልክት እንደማለት ነው። የሚቀጥለው ክፍል ዕቃ ሲፈልግ ካርዱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ካርድ ካልመጣ አይመረትም። በቃ። የካርዱ ዋና ሥራ እንዲህ ያለ ሥራ አለ ብሎ ማስታወስ አልነበረም። ሥራ ያለ ልክ እንዳይከመር ማገድ ነበር።

እኛ ቢሮ ውስጥ ካርዱን ወሰድን፤ ልኩን ግን ተውነው። ለዚህ ነው ብዙ ቦርድ ሲከፈት "በሥራ ላይ" የሚለው ዓምድ እስከ ታች ድረስ ተጎትቶ የማያልቀው። ሁሉም ተጀምሯል፤ ያለቀ የለም።

ይህ ነገር ሒሳብም አለው። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ነው። በቀላሉ ልንገራችሁ። ቡድናችሁ በሳምንት 3 ሥራ ይጨርሳል እንበል። በእጃችሁ የተጀመረ 12 ሥራ ካለ፣ አንድ ሥራ ተጀምሮ እስኪያልቅ በአማካይ 4 ሳምንት ይፈጅበታል። በእጃችሁ ያለውን 6 ብታደርጉት ግን 2 ሳምንት ይሆናል። ማንም ፈጥኖ አልሠራም። ማንም አላመሸም። የተቀየረው በአንድ ጊዜ የያዛችሁት ብዛት ብቻ ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። እስከዚያ ድረስ ሥራ ሲዘገይ "ፍጠኑ" እያልኩ ሰው ሳደክም ኖሬአለሁ። እናንተ ገና ሳትጀምሩ እወቁት። ዓምዱ ራስ ላይ ቁጥር ጻፉ፤ ለምሳሌ "በሥራ ላይ፣ ከ6 አይበልጥም"። ሰባተኛ ሲመጣ መጀመሪያ አንዱን ጨርሱ። አለቃ ሲያጣድፋችሁ ቦርዱን አሳዩትና "ይህን እንጀምረው፤ የትኛውን እናቁመው?" ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ሥራውን ዓይኑ ሲያየው የሚሰጣችሁ መልስ የተለየ ነው።

ስትጀምሩ በትንሹ ጀምሩ። አንድ ፕሮጀክት፣ አንድ ቡድን፣ ሦስት ዓምድ፤ የሚሠራ፣ በሥራ ላይ፣ ያለቀ። አንድ ወጣት አፑን ሲያዘጋጅ 11 ዓምድና 20 ዓይነት ቀለም ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ለሳምንት ለፍቶበታል፤ ያምራልም። ግን ካርዱን የት እንደሚያስቀምጥ ለማወቅ ሰው ሁሉ እሱን መጠየቅ ነበረበት። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ወደ ቴሌግራም ተመለሰ። አራተኛ ዓምድ ጨምሩ የምላችሁ የሦስቱ ዓምድ ጉድለት በሥራ ላይ ሲያስቸግራችሁ ብቻ ነው። የቆየውን ዝርዝር ሁሉንም ገልብጣችሁ አትጫኑት። የዚህን ወር ብቻ አስገቡ። ኖቲፊኬሽኑንም የእናንተ ስም ሲጠራ ብቻ እንዲመጣ አድርጉት፤ አለዚያ በሦስት ቀን ሁሉም ያጠፋዋል።

ቻቱ አይቀርም፤ መቅረትም የለበትም። ግን በቻት የተወሰነ ነገር ካርዱ ላይ ካልሰፈረ ከሁለት ሳምንት በኋላ "እንዲህ አልተባባልንም" ይመጣል። ውሳኔውን በአንድ መስመር ኮሜንት ላይ ገልብጡት። ግማሽ ደቂቃ ነው።

በዕድሜ የሚበልጧችሁ ባልደረባ "እኔ ደብተሬ ይበቃኛል" ቢሏችሁ አትከራከሯቸው። እውነታቸውን ነው፤ ደብተራቸው ለእሳቸው ይሠራል። ችግሩ እሳቸው ብቻ የሚያዩት መሆኑ ነው። አጠገባቸው ቁጭ በሉና ከደብተራቸው ሦስት ሥራ አብራችሁ ወደ ካርድ ገልብጡ። የእሳቸውን ቃል ተጠቀሙ፤ አታርሙት።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በአንድ የሠራሁበት ቦታ በወሩ መጨረሻ እያንዳንዱ ሰው የዘጋው ካርድ ይቆጠር ነበር። ብዙ የዘጋ ይመሰገናል። ምን ሆነ መሰላችሁ? የአንድ ቀን ሥራ አምስት ካርድ ሆነ። "ኢሜይል መላክ" ካርድ ሆነ። "መልስ መጠበቅ" ካርድ ሆነ። ከባዱን ሥራ የሚነካ ጠፋ። ቦርዱ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ፕሮጀክቱ ሁለት ወር ዘገየ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ቦርዱ እንደሚፈርድባቸው ስላወቁ ለቦርዱ ደስ የሚለውን ነገሩት።

በሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ልጅ ካርዱን "ቆሟል" ወደሚለው ዓምድ አዛወረና እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ "ፈቃዱን የሚፈርሙት ሰው ሦስት ቀን አልመለሱልኝም። ሁለቴ ጽፌአለሁ። ከዚህ በላይ ምን እንደማደርግ አላውቅም።" እዚያው ካርዱ ላይ "ስለነገርከን አመሰግናለሁ፤ እኔ እደውላለሁ" ብዬ መለስኩለት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ ተፈረመ። ሌሎቹ መልሴን አይተው ነበር። በዚያው ሳምንት አራት ካርድ ወደ "ቆሟል" ገባ። አራቱም ቀደም ብለው የቆሙ፣ ሰው ግን አፍሮ የደበቃቸው ነበሩ። እንደዚያ ሳምንት በሥራዬ የተደሰትኩበት ጊዜ ትንሽ ነው። ስለዚህ ቦርዱ የእናንተ ኃላፊነት ከሆነ፣ "ተቸገርኩ" ብሎ ለሚጽፍ የመጀመሪያው ሰው የምትመልሱለት መልስ ከማንኛውም ሥልጠና በላይ ሌሎቹን ያስተምራል።

በሳምንት አንድ ቀን 15 ደቂቃ ቦርዱ ፊት ተሰብሰቡ። ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡት፤ ለማለቅ ከቀረበው ጀምራችሁ ማለት ነው። "አንተ ምን ሠራህ?" እያላችሁ ሰው በሰው አትሂዱ። "ይህ ካርድ ለማለቅ ምን ቀረው?" በሉ።

አንቺ ደግሞ የደወልሽልኝ ልጅ፣ ሰኞ ጠዋት ቦርዱን ስትከፍቺ የመጀመሪያውን ካርድ በራስሽ ስም ጻፊ። መቼና ምን ሲሆን እንደሚያልቅም ጻፊበት። ከዚያ አንድ ሰው ጠርተሽ የእሱን አብራችሁ ጻፉ። አርብ ማታ ደውይልኝና ስንቱ ወደ ቀኝ እንደሄደ ንገሪኝ። የቆመ ካለም እሱን አስቀድሚልኝ።