የቢዝነስ ኮንቲኒዩቲ ስልጠና ልሂድ ወይስ ይቅር ላልሽው እህት

ጥያቄሽን ማታ አየሁት። «ድሬ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ አይቲ ነኝ፣ አለቃዬ ለቢዝነስ ኮንቲኒዩቲና ለዲዛስተር ሪከቨሪ ስልጠና አምስት ቀን አዲስ አበባ ልላክሽ ብሎኛል፣ ይጠቅመኛል ወይስ ወረቀት ብቻ ነው?» ነው ያልሽው። ለማያውቅ አንባቢ፣ ቢዝነስ ኮንቲኒዩቲ ማለት አደጋ ቢደርስም ሥራው እንዳይቋረጥ መዘጋጀት ነው፤ ዲዛስተር ሪከቨሪ ደግሞ የወደቀውን ሲስተምና መረጃ መልሶ ማንሳት። እኔ ያንቺው ዓይነት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስልጠናውንም ወስጃለሁ። ሂጂ። ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ፤ እኔ ባዶ እጄን ሄጄ የሆንኩትን ልንገርሽ።

ስመለስ ሰርተፊኬትና 60 ገጽ የሚሆን ፕላን ይዤ መጣሁ። ፕላኑ አሰልጣኙ በፍላሽ የሰጠን ቴምፕሌት ነው፤ እኔ የድርጅታችንን ስም እየተካሁ ሞላሁት። ሥራ አስኪያጁ ፈረመበት፣ ማህተም ተመታበት፣ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ስድስት ወር ሳይሞላ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ መጣና መረጃችን ያለበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን አቃጠለው። መብራት ሲሄድ ለጊዜው በባትሪ የሚይዝ ዩፒኤስ ነበረን፤ ባትሪው ግን በድሬ ሙቀት ከሞተ ቆይቷል፣ ዞር ብሎ ያየው የለም። እኔም ጭምር።

«አትደንግጡ፣ ባክአፕ አለን» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ባክአፑ፣ ማለትም የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ፣ ያለበት ሀርድ ዲስክ ካዝና ውስጥ ነው። የካዝናው ቁልፍ ገንዘብ ያዣችን ጋር ነው። ገንዘብ ያዣችን ሐረር ለቅሶ ሄዳለች፣ ስልኳ ዝግ ነው። ሐረር ምን ያህል ሩቅ ነው ትዪኝ ይሆናል፤ ለቅሶ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ፈልገን እስክናገኝ ግን መሸ። በማግስቱ ዲስኩ ሲከፈት የመጨረሻው ባክአፕ 11 ቀን አልፎታል።

ያወጡን የመጋዘን ኃላፊያችን ናቸው። ጋሼ ጡረታቸው ደርሷል፣ ኮምፒውተር አያምኑም፤ የገባውንም የወጣውንም በየቀኑ በትልቅ ደብተር በእስክርቢቶ ይጽፋሉ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ድርብ ሥራ ነው» እያልኩ ስቀልድባቸው ነበር የኖርኩት። ሁለት ልጆች ከደብተራቸውና ከደረሰኝ ቅጂዎቹ አራት ቀን ሙሉ እየለቀሙ 11ዱን ቀን መልሰው አስገቡት። ጋሼ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ደብተሩን ሲሰጡኝ ብቻ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

ስልጠናው ላይ አርፒኦ እና አርቲኦ የሚባሉ ነገሮች ደጋግመሽ ትሰሚያለሽ። አርፒኦ የስንት ጊዜ መረጃ ቢጠፋ እንችለዋለን የሚለው ነው። አርቲኦ ደግሞ ሥራው በስንት ሰዓት ውስጥ መመለስ አለበት የሚለው። እኔ ፕላኑ ላይ 24 ሰዓት እና 4 ሰዓት ብዬ ነበር የጻፍኩት። ከየት አመጣኸው ብትዪኝ፣ ቴምፕሌቱ ላይ ምሳሌ ተብሎ የተጻፈው እሱ ስለነበር ነው። ሥራውን ከሚሠሩት አንድ ሰው እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ስጠይቅ ያገኘሁት ሌላ ነው። መጋዘኑ በጋሼ ደብተር ሳምንት ይቆያል። ደመወዝ ወር መጨረሻ ካልሆነ ማንም አይጣደፍም። አንድ ቀን እንኳ የማይጠብቀው ዕቃውን ከወደብ የሚያስወጣው የትራንዚት ክፍሉ ነው። ኮንቴይነር ጅቡቲ ወደብ ላይ ተቀምጦ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሰነድ ሳይሄድለት ቢቀር ክፍያው በየቀኑ ይቆጥራል፣ ያውም በዶላር። እኔ ግን በፕላኑ መጀመሪያ የሚመለሰው ሂሳብ ክፍል ነው ብያለሁ፤ ለምን፣ አለቃዬ እዚያ ስለሚቀመጥ! ይህን ማጥራት ነው ቢአይኤ የሚሉት፣ የቱ ሥራ ቢቆም በስንት ጊዜ ምን እንደሚያስከፍለን መመርመር። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ከመጋዘኑ፣ ከሂሳቡና ከትራንዚቱ አንድ አንድ ሰው አስቀምጪና «ኮምፒውተሩ ዛሬ ቢጠፋ እስከ መቼ ትሠራላችሁ?» በያቸው። መልሳቸውን ይዘሽ ሂጂ። አሰልጣኙ ምሳሌ ሲል ያንቺን አውጪለት።

የሰርተፊኬቱን ነገር አታክብጂው። አይኤስኦ 22301 በ2012 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2019 የተሻሻለ የቢዝነስ ኮንቲኒዩቲ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፤ ደረጃውን የሚያገኘው ድርጅት ነው፣ አንቺ የሊድ ኢምፕሊመንተር ወይም የሊድ ኦዲተር ወረቀት ነው የምታገኚው። አምስት ቀን ካሉሽ ከሁለቱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ ኢምፕሊመንተሩን ውሰጂ፣ እሱ በራሱ ድርጅት ለሚተገብር ነው፤ ኦዲተሩ ሌላውን ለሚመረምር ነው። የእንግሊዙ የሙያ ተቋም ቢሲአይ፣ ሲቢሲአይ የሚባል ፈተና አለው። የአሜሪካው ተቋም ዲአርአይ የሚሰጠው ሲቢሲፒ የሚባል ሰርተፊኬት ደግሞ ከፈተናው ሌላ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ እሱን ለኋላ አቆዪው።

ሌላው፣ የሚሰጡሽ ምሳሌ አውሎ ነፋስና የመሬት መንቀጥቀጥ ይሆናል። የኛ ግን ድሬን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ነው አቦ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ከ200 በላይ ሰው በተኛበት የወሰደው ውሃ ድሬ ላይ የዘነበ ብቻ አልነበረም፣ ከላይ ከደጋው የወረደ ነው። የወንዙ አሸዋ ደርቆ እየታየ ጎርፉ ከላይ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛውን ባክአፕሽን ከወንዙ ዳር ካለ ቢሮ አርቂው፣ ሰርቨሩንም ከምድር ቤት አውጪው። እኛ ክረምት ሲገባ ከድሬ በላይ ደንገጎ በኩል ያለ ሹፌር ከባድ ዝናብ ካየ እንዲደውልልን አድርገናል፤ ይህ ከ60ው ገጽ የትኛውም ላይ አልነበረም። ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ቅጂ፣ ብቻ ይበቃል የሚልሽ ካለ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲዘጋ የት እንደነበረ ጠይቂው። አንድ ቅጂ እጅሽ ላይ፣ አንድ ሌላ ሰፈር፣ አንድ ክላውድ ላይ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ልምምዱ ነው። የመጀመሪያውን ያደረግነው ቅዳሜ ነው፣ ባክአፑን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ መመለስ። ጠዋት 3 ሰዓት ጀምረን እስከ 5 ሰዓት ዳታው ቆንጆ ሆኖ ገባ። ከዚያ የሂሳብ ሶፍትዌሩ አልከፍትም አለ፤ ላይሰንሱ፣ የመጠቀሚያ ፈቃዱ፣ ከተቃጠለው ማሽን ጋር የታሰረ ነው። የሸጠልን ድርጅት ቅዳሜ ስልክ አያነሳም። ሰኞም ያነሳው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አልፎ ነው፣ የድሬን የቀትር እረፍት ታውቂው የለ። የላይሰንስ ቁጥሩንና የባለሙያውን የግል ስልክ አሁን በወረቀት አትመን ካዝናው ውስጥ አስቀምጠናል። የካዝናው ሁለተኛ ቁልፍ ጋሼ ጋር ነው።

የስልጠናውን ፕሮግራም ካገኘሽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው። ከአምስቱ ቀን ስንቱ ሰዓት ልምምድ እንደሆነ እናየዋለን። ሁሉም ስላይድ ከሆነ ለአለቃሽ ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ንገሪው፣ እኔም የማውቀውን እጠቁምሻለሁ።