ቪ ጊታር ለምትመኙ ልጆች፣ በሃምሳ ዓመታችሁም እንድትይዙት

ልጆቼ፣

አካሉ እንደ እንግሊዝኛው V ፊደል የሆነ፣ ክንፍ ያለው፣ ጫፉ የሾለ፣ ከሩቅ ዓይን የሚስብ ጊታር ካማራችሁ ግዙ። «ይሄ የልጅነት ነገር ነው፣ ስታድጉ ታፍሩበታላችሁ» የሚላችሁን አትስሙ። ስትገዙ ግን ለዛሬው ፎቶ ብላችሁ አትግዙ። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚኖራችሁን ትከሻ፣ የእጅ አንጓና አውራ ጣት አስባችሁ ምረጡ። አርባን ካለፈ በኋላ ቪ ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚተው ሰው ብዙ ጊዜ አፍሮበት አይደለም፤ ሰውነቱ እምቢ ብሎት ነው። ያ ደግሞ አስቀድሞ መላ አለው።

የጊታሩ ታሪክም የልጅ ታሪክ አይደለም። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ጊብሰን ፍላይንግ ቪንና ሌላውን ባለ ሹል ጫፍ ጊታር ኤክስፕሎረርን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ሚሺጋን ካላማዙ በነበረው ፋብሪካው፣ በቴድ ማካርቲ ፕሬዚዳንትነት ዘመን ነው። እንጨቱ በንግድ ስሙ ኮሪና የሚባለው የአፍሪካ ሊምባ ነበር። ገበያው አልወደዳቸውም፤ ጥቂት ተሠርተው ቆሙ። ቪውን በብሉዝ ያስከበረው አልበርት ኪንግ በ1923 የተወለደ ሰው ነው። በ1966 ሜምፊስ ከነበረው የሙዚቃ አሳታሚ ስታክስ ጋር ሲፈራረም 43 ዓመቱ ነበር፤ ስሙ የገነነውም ከዚያ በኋላ ነው። የጀርመኑ ሮክ ባንድ የስኮርፒየንስ ጊታሪስት ሩዶልፍ ሼንከር የ1948 ልጅ ነው፤ ሰባን አልፎም መድረክ ላይ ቪ ይዞ ይቆማል። ስለ ዕድሜ የሚነሳውን ክርክር እዚህ ላይ ልዝጋውና ወደ ሥራው ልግባ።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትፈትኑት ድምፁን አይደለም፣ ሚዛኑን ነው። ጊታሩን አንግታችሁ ቁሙ፣ አንገቱን ትንሽ ወደ ላይ አቅኑና ግራ እጃችሁን ልቀቁ። ባለበት ከቆየ ደህና ነው። እየወረደ ከአግድም መስመር በታች ካለፈ የጊታሩ ራስ፣ መቃኛዎቹ ያሉበት ጫፍ፣ ይከብዳል ማለት ነው። ምክንያቱ የፊተኛው የማንገቻ ጉጥ ያለበት ቦታ ነው። ስትራቶካስተር በሚባለው የፌንደር ኩባንያ ጊታር ላይ የላይኛው ቀንድ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በየደረጃው የተተከለው ቀጭን ብረት) አካባቢ ድረስ ስለሚዘልቅ ማንገቻው ጊታሩን ወደ መሐሉ ተጠግቶ ይይዘዋል። ቪ ላይ ቀንድ የሚባል የለም፤ ዋርሎክ በሚባለው ሌላ ባለ ሹል ጫፍ ጊታር ላይ አለ ግን አጭር ነው። ስለዚህ ጉጡ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንገቱ ከአካሉ በሚጋጠምበት ተረከዝ ላይ ወይም እዚያው አጠገብ ነው። ከዚያ በግራ በኩል የሚቀረው አንገትና ራስ ወደ ታች ይጎትታል። ግራ እጃችሁ እንግዲህ ሁለት ሥራ ያዘ፤ ክር ይጫናል፣ ጊታርም ይሸከማል። እየተጫወታችሁ ሳለ አይታወቃችሁም። ሰርግ ላይ ሁለት ሰዓት ቆማችሁ ከተጫወታችሁ በኋላ ግን የአውራ ጣታችሁ ሥር ይጠዘጥዛል። በሃያ ዓመታችሁ በማግስቱ ይለቃችኋል፤ በአርባ አምስት ላይ ሳምንት ይከርማል።

መድኃኒቱን ከርካሹ ጀምሩ። ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ውስጡ ሻካራ ቆዳ የሆነ ማንገቻ ግዙ። ሻካራው ገጽ ልብስ ላይ ስለሚይዝ ራሱ ቶሎ አይወርድም። የሚያዳልጥ ናይሎን ማንገቻ ለቪ አይሆንም።

ካልበቃ ጉጡን አዛውሩ። ቪ ላይ ከተረከዙ ወደ ላይኛው ክንፍ ትከሻ ማምጣት ብዙውን ጊዜ ለውጡን ወዲያው ያሳያል። ከመብሳታችሁ በፊት ማንገቻውን በጠንካራ ገመድ እዚያ ቦታ ላይ አስራችሁ ሞክሩት፤ አንዴ የተበሳ እንጨት አይመለስም። ቦታውን ስታገኙ ወረቀት ፕላስተር ለጥፉበት፣ ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ። ቪቴው 3.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው በ2.5 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ብሱ፤ ጥልቀቱን የቪቴውን ቁመት ለክታችሁ በትራፓኖው ጫፍ ላይ ፕላስተር በመጠምጠም ምልክት አድርጉ። ቪቴውን ሻማ ቀቡት፤ ደረቅ ቪቴ ማሆጋኒ ውስጥ ሲጠብቅ አንገቱ ተቀንጥሶ ይቀራል፣ ስባሪውን ማውጣት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ከጉጡ ሥር ትንሽ የሱፍ ጨርቅ ቀለበት አድርጉ። የድሮው ቀዳዳ ሰፍቶ ቪቴ አልይዝ ካለ፣ ሁለት ሦስት ስቴኪኒ በእንጨት ኮላ ነክራችሁ ሙሉት፣ አንድ ሌሊት አሳድሩትና የተረፈውን ቁረጡ።

ሦስተኛው መንገድ መቃኛዎቹን በቀላል መለወጥ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ራሱ ከጉጡ 60 ሴንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። እዚያ ላይ 100 ግራም መቀነስ፣ ከጉጡ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ 200 ግራም ከመጨመር ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ክንፉ ላይ እርሳስ የሚለጥፉትን አትከተሉ፤ ሚዛኑ ይስተካከላል፣ ትከሻችሁ ግን ይከፍላል። አዲስ መቃኛ ስታዝዙ የቀዳዳውን ስፋትና የኋላ ቪቴውን አቀማመጥ ለክታችሁ እዘዙ፣ ካልሆነ እንደገና መብሳት ይመጣል።

አቀማመጥ ላይ ብዙዎቻችሁ ቪ ተቀምጦ አይያዝም ትላላችሁ። ይያዛል። ቀኝ ጭናችሁን በሁለቱ ክንፎች መሐል አስገቡ፣ የታችኛው ክንፍ በሁለቱ ጭኖቻችሁ መሐል ይውረድ፤ አንገቱ እንደ ክላሲካል ጊታር ወደ ላይ ይነሳል፣ የግራ አንጓችሁም ቀጥ ይላል። የ1958ቱ ቪ ጠርዝ ላይ ባለ መስመር ጎማ የነበረው ከጭን እንዳይንሸራተት ነው። የእናንተው ጎማ ከሌለውና ቫርኒሹ ፖሊ (ፖሊዩሪቴን ወይም ፖሊስተር) ከሆነ ቀጭን ጎማ መለጠፍ ትችላላችሁ። ናይትሮ (ናይትሮሴሉሎስ) ከሆነ ግን አትንኩት፤ ጎማ ናይትሮን ያቀልጠዋል፣ ያበላሸዋልም። በዚያው ምክንያት ናይትሮ የተቀባ ጊታር ባለ ጎማ መቆሚያ ላይ ስታሳርፉ ጎማውን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት።

ስትቆሙ ጊታሩ ተቀምጣችሁ ከያዛችሁበት ከፍታ ብዙ አይውረድ። ጉልበት ላይ የሚንጠለጠል ቪ ያምራል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ጊታሩ በወረደ ቁጥር የግራ አንጓ ይታጠፋል፣ በታጠፈ አንጓ ክር መጫን ደግሞ ጅማቱን ያሻክራል። ጣት መደንዘዝ ከጀመረና ካልለቀቀ ክር በማቅጠን አትሸፋፍኑት፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ከአካል ቅርጽ ቀጥሎ የሚወስነው የክሩ ርዝመት ነው። የጊብሰን ቪ ከነት (ከራሱ ሥር ክሮቹ ከሚያርፉበት) እስከ ብሪጅ (አካሉ ላይ ክሮቹ እስከሚያርፉበት) 628 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የፌንደር ልክ የሚከተሉት ደግሞ 648። አንድ ዓይነት ክር በአንድ ዓይነት ቅኝት አጭሩ ላይ ወደ 6 በመቶ ይላላል። ለደከመ እጅ ይህ ጥቂት አይደለም። ውፍረቱ በኢንች ሺኛ ከ9 እስከ 42 ያለው ክር ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ከዘፋኝ ጋር ስትሠሩና ግማሽ ድምፅ አውርዳችሁ ስትቃኙ ግን አጭሩ ጊታር ላይ በጣም ስለሚላላ ከ10 እስከ 46 ያለውን እሰሩ። ብሪጁ ፍሎይድ ሮዝ (በስፕሪንግ ተይዞ የሚንቀሳቀስ ዓይነት) የሆነ ጊታር ለእንዲህ ያለ ሥራ አልመክርም፤ አንዱን ክር ዝቅ ስታደርጉ ሌሎቹ ይወጣሉ፣ ሁሉንም ደጋግማችሁ ትቃኛላችሁ፣ ሕዝብ ይጠብቃችኋል።

ክሩ ከፍሬቱ ያለውን ርቀት 12ኛው ፍሬት ላይ ለኩ፤ በቀጭኑ ክር 1.5፣ በወፍራሙ 2 ሚሊ ሜትር መልካም መነሻ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንገቱን እዩ። ካፖ (ክሮቹን አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) 1ኛው ፍሬት ላይ አድርጉ፣ ወፍራሙን ክር አንገቱ ከአካሉ የሚጋጠምበት ላይ ተጫኑ፣ 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ከበዛ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ) በሰዓት አቅጣጫ ሩብ ዙር ብቻ አጥብቁ፣ ቃኙ፣ ቆዩ፣ እንደገና ለኩ። አልዞርም ካለ አታስገድዱት።

የቪ ትልቁ ጸጋ ከላይ ያሉት ፍሬቶች ናቸው። በሁለቱም በኩል የሚከለክል እንጨት ስለሌለ፣ ትዝታ ወይም ባቲ ላይ ዜማውን ወደ ላይ ስታንሸራትቱ አንጓችሁ ሳይጠማዘዝ እስከ መጨረሻው ፍሬት ይደርሳል። ለግራኞችም የሚጠቅመው ይኸው ነው። አልበርት ኪንግ ግራኝ ነበር፤ የቀኝ ጊታር ገልብጦ፣ ወፍራሞቹን ክሮች ከታች አድርጎ ይጫወት ነበር፤ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ጊታር ሲገለበጥ ከቅርጹ ምንም አያጣም። የግራኝ ጊታር ማግኘት ለከበዳችሁ ይህ እውነተኛ መንገድ ነው። ክሮቹን ማገላበጥ ከፈለጋችሁ ግን ነቱ በአዲስ ይተካል፣ ብሪጁም ያስቸግራል። ብሪጁ የተተከለው ሰያፍ ሆኖ ነው፤ ለወፍራም ክሮች ረዘም፣ ለቀጭኖቹ አጠር እንዲል። ሲገለበጥ ወፍራሙ ክር አጭሩ በኩል ይወድቅና 12ኛው ፍሬት ላይ ከልኩ በላይ ይጮሃል። ሳድሉን (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ቁራጭ) እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ብትስቡም ላይበቃ ይችላል።

ኤክስፕሎረር ከወደዳችሁ የኋላው ክንፍ ክንዳችሁን እንደማይቆረቁራችሁ ግማሽ ሰዓት ተጫውታችሁ እዩ። ለረጅም ዘመን የምመርጠው ቪን ነው፣ ቀጥሎ ኤክስፕሎረርን፤ ዋርሎክን የምመክረው ሚዛኑ ለተስተካከለለት ብቻ ነው።

ወንድም ወይም አክስት ከአሜሪካ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ከላከላችሁ፣ ከኋላው የተጻፈውን ሳታነቡ አትሰኩ። የእዚያው 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። መለወጫ ከሌለው ትራንስፎርመር ግዙ፤ የአምፑን ዋት አንብባችሁ ከዚያ ቢያንስ በእጥፍ የሚችል ይሁን።

ቪን ግድግዳ ላይ አታስደግፉ። ሁለቱ ጫፎች ወለል ላይ ይንሸራተታሉ፣ ጊታሩ በጀርባው ይወድቃል፣ ራሱም ከነቱ ሥር ይሰበራል። እዚያ ቦታ ላይ እንጨቱ ለትረስ ሮድ የተቦረቦረ ነው፣ ራሱ ወደ ኋላ ስላዘነበለም የእንጨቱ ጭረት አጭር ሆኖ ይቆረጣል። ከተሰበረ ወዲያው ክሮቹን አላሉ፣ ስንጥሩን አትንኩ፣ አትጣሉትም፤ ንጹሕ ስብራት በእንጨት ኮላና በሞርሳ በደንብ ተይዞ ቢያንስ 24 ሰዓት ከቆየ ይገጥማል። አንገቱን ይዞ የሚያንጠለጥል መቆሚያ ይሻላል። ተራ የጊታር ቦርሳ ክንፎቹን አያስገባምና ዋጋ ስትደራደሩ የራሱን ሣጥን አብራችሁ ጠይቁ፤ ለብቻው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ከራሱ ሥር የታጠፈ ፎጣ አድርጉ፣ በጉዞ ላይ ራሱ በአየር ላይ እንዳይንጠለጠል።