ልጅቷ ብልህ ናት ወይስ ብልጥ?

አንዲት እናት ከአሜሪካ ጽፈውልኛል። መምህርቷ ስለ ልጃቸው «ስማርት ናት» ብላ ላከችላቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ለእናታቸው ደወሉና «ብልጥ ናት አለችልኝ» አሏቸው። አያት ቅር ተሰኙ። «ምነው፣ ማንን አታለለች?» ጥያቄያቸው፦ እውን ብልጥ ስድብ ነው?

እመቤቴ፣ እናትዎ ጆሯቸው ልክ ነው። ልጅዎን ብልህ ይበሏት።

ብልህ ከግእዙ በልኀ የመጣ ነው፤ ተሳለ፣ ስለት አወጣ ማለት ነው። በሊኅ ሰይፍ ስለታም ሰይፍ ነው። ስለዚህ ቃሉ በብዙኃኑ ኀ «ብልኅ» ተብሎ ቢጻፍ ደስ ይለኛል። ግን አገሩ ሁሉ «ብልህ» ብሎ ጽፏል፤ ማረም ትቻለሁ።

የእንግሊዝኛውም መንገድ ይገርማል። «ስማርት» በጥንታዊው እንግሊዝኛ የሚያም፣ የሚያቃጥል ማለት ነበር። የጀርመንኛ ዘመዱ «ሽሜርትስ» ዛሬም ሕመም ነው። ከሚያመው ወደ ስሉ፣ ከስሉ ወደ ፈጣን አእምሮ ሄደ። ቆይቶ ልብስ ላይም አረፈ፤ እንግሊዞች ሽክ ያለውንም ሰው ስማርት ይሉታል። ሁለቱ ቃላት ሳይተዋወቁ አንድ ሞረድ ላይ ተስለዋል።

ብልጥ «በለጠ» ከሚለው ግስ ወገን ነው። «በለጠኝ» ስንል አታለለኝ ማለታችንም አይደል? «ብልጥ ለብልጥ ዐይን ብልጥጥ» የሚባለው ሁለቱም ስለሚጠባበቁ ነው። ስለ ብልህ ሲሆን ግን «ለብልህ አይመክሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» እንላለን። ይህ ክብር ነው።

ሁለቱ አንድ ናቸው ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። «ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል» የሚለውን ያመጡና ስድቡ የቱ ጋ ነው ይሉኛል። እኔ እዚያም የማየው ብልጫን ነው፤ ልጁ የያዘውን አልለቀቀም፣ ሌላም ይፈልጋል። እርግጥ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ወላጅ «ልጄ ብልጥ እኮ ነው!» ሲል እያሞገሰ ነው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አልክድም። እኔ ግን አልለውም።

«ጎበዝ»ስ? ጎበዝ ድሮ የጦር ሜዳ ሰው ነበር፤ የጎበዝ አለቃን ያስታውሷል። አሁን ደብተር ይዞ ክፍል ገብቷል፤ እሱን ከልቤ ተቀብዬዋለሁ። ነገር ግን ጎበዝ ተማሪ ስንል ትጋቷንም ጨምረን ነው። መምህርቷ ያደነቀችው የአእምሮዋን ስለት ከሆነ ብልህ ይሻላል።

ለእናትዎ መልሰው ይደውሉላቸው።