ፕሮቲን የሚለይ ማቴሪያል ማሻሻል ሙያ ይሆናልን? ለአንዲት የኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂያችን፣

በመድኃኒት ፋብሪካ ልምምድ ላይ ሳሉ በፈሳሽ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮችን ለያይቶ ከሚለካው ከኤችፒኤልሲ መሣሪያ ይልቅ በኮለሙ (በመለያ ቱቦው) ውስጥ ያለው ማቴሪያል ቀልብዎን እንደሳበው፣ ፕሮቲን የሚለዩ ማቴሪያሎችን በማሻሻል ሥራ መሠማራት እንደሚፈልጉ፣ ነገር ግን «ያለቀለት ሳይንስ ነው፤ አገር ውስጥም ሥራ የለውም» መባልዎ እንዳመነታዎት ጽፈዋል። ከዚህ አስተያየት የመጀመሪያው ግማሽ ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ግን ሊታሰብበት ይገባል።

ተመራማሪዎቹ ፖራት እና ፍሎዲን በስዊድን ኡፕሳላ ከተማ ዴክስትራን ከተባለ የስኳር ሰንሰለት የተሠራ ጄል ፕሮቲኖችን በመጠናቸው እንደሚለይ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ማቴሪያል ተሠርቷል፤ ዋናው ፈተና ግን ዛሬም አለ። ፕሮቲን ትልቅ ሞለኪውል በመሆኑ በጄል ዶቃዎች ቀዳዳ ውስጥ የሚጓዘው በዝግታ ነው። ዶቃው ትንሽ ቢሆን ጉዞው ያጥራል፣ ነገር ግን ፈሳሹን ለመግፋት የሚያስፈልገው ግፊት ያሻቅባል፤ ቀዳዳው ቢሰፋ ጉዞው ይቀላል፣ ነገር ግን ፕሮቲኑ የሚያርፍበት ገጽ ይቀንሳል። ጥንካሬም ሌላው ጥያቄ ነው። ለሕክምና የሚውሉ ፀረ እንግዳ አካላትን ለማጥራት የሚያገለግለው የፕሮቲን ኤ ሬዚን (ፀረ እንግዳ አካላትን የሚይዝ ፕሮቲን የተለጠፈበት የኮለም መሙያ) አንድ ሊትሩ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ስለሚሸጥ በኮስቲክ ሶዳ እየታጠበ ደጋግሞ መሥራት አለበት፤ የተፈጥሮው ፕሮቲን ኤ ይህን እጥበት በደንብ ስለማይቋቋም ተመራማሪዎች አልካሊ የሚያጠቃቸውን የአስፓራጂን አሚኖ አሲዶች በሌሎች በመተካት የተሻለ ዕድሜ ያለው ዓይነት ሠርተዋል። ማሻሻል ማለት ብዙ ፕሮቲን የሚይዝ ማቴሪያል መሥራት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይረዳሉ።

ሥራን በተመለከተ፣ በአገራችን የሥራ ማስታወቂያ ላይ ይህን ሙያ በስሙ ጠርቶ የሚፈልግ ቀጣሪ ብዙም አይጠብቁ። ዕውቀቱ ግን በቢሾፍቱ የእንስሳት ክትባት በሚያመርተው ተቋምም ሆነ እንደ አርማወር ሐንሰን ባሉ የምርምር ተቋማት የሚባክን አይደለም፤ ወደ ውጭ ሄደው መማር ቢፈልጉም በእጅዎ የሠሩት ውጤት ከማንኛውም የፍላጎት መግለጫ ይበልጥ ይናገርልዎታል።

ስለዚህ የመመረቂያ ጥናትዎን በዚህ ላይ እንዲያደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ። ውድ ሬዚን አያስፈልግዎትም። ፒተርሰን እና ሶበር እ.ኤ.አ. በ1956 ይፋ ያደረጓቸው የአዮን ልውውጥ ማቴሪያሎች (ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ቻርጃቸው የሚለዩ) መነሻቸው ሴሉሎስ ነበር፤ ሴሉሎስ ደግሞ ከጥጥ ይገኛል። ጥጡን በኮስቲክ ሶዳ እና በክሎሮአሴቲክ አሲድ አሉታዊ ቻርጅ ያለው ካርቦክሲሜትል ሴሉሎስ ያድርጉት፤ ቻርጁን ግን በልክ ያድርጉ፣ ምክንያቱም ከበዛ ሴሉሎሱ እየሟሟ እንደ አጥሚት ይሆንና ፍሰቱን ይዘጋል። አሲዱ መርዛማና ቆዳ የሚያቃጥል በመሆኑ ይህን ደረጃ ያለ አማካሪዎ ክትትል እና ጭስ ከሚስብ ሳጥን ውጭ ፈጽሞ አይሞክሩት።

ፕሮቲኑን ከእንቁላል ነጭ ያገኙታል። በፒኤች 8 አካባቢ ሊሶዛይም የተባለው የእንቁላል ነጭ ፕሮቲን አዎንታዊ ቻርጅ ሲኖረው ኦቫልቡሚንን ጨምሮ አብዛኞቹ የእንቁላል ነጭ ፕሮቲኖች አሉታዊ ስለሚሆኑ፣ ሊሶዛይሙ በማቴሪያሉ ላይ ሲቀር ሌሎቹ አልፈው ይሄዳሉ፤ ከዚያ በጨው ያስለቅቁታል። ለኔ ከዚህ የሚበልጠው ቀጣዩ ልኬት ነው፤ መጠኑ የታወቀ ንጹሕ የሊሶዛይም ፈሳሽ በኮለሙ እያሳለፉ የሚወጣውን ፕሮቲን በሚመጥጠው የ280 ናኖሜትር ብርሃን ይለኩ፣ በሌላ የፍሰት ፍጥነትም ይድገሙት። ፍሰቱ ሲፈጥን ፕሮቲኑ ቀድሞ ማምለጥ ከጀመረ፣ ከላይ የገለጽኩትን የዝግታ ችግር በራስዎ ማቴሪያል ላይ በዓይንዎ አዩት ማለት ነው።

የኮለም አሞላልንም አቅልለው አይዩት። በተማሪነቴ ጄሉን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ወዲያው ሞላሁት፤ ሲሞቅ በውስጡ የነበረው አየር አረፋ ሆኖ ወጣ፤ አሞላሉን ለመፈተሽ ያሳለፍኩት፣ ቀጥ ብሎ መውረድ የነበረበት ሰማያዊ የዴክስትራን ቀለበትም ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ ወረደ። ጥፋቱ የአሞላሉ መሆኑን እስካውቅ ድረስ ሁለት ሳምንት ማቴሪያሉን ስጠራጠር ቆየሁ። ጄሉ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይታገሱ፣ አየሩንም አስቀድመው ያውጡ።

ከተመረቁ በኋላ በመድኃኒት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ሥራ ቢይዙ አልቃወምም፤ እንዲያውም ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ቢሠሩበት፣ መረጃ አመዘጋገብንና የመለኪያ ዘዴን ማረጋገጥን እዚያ የሚማሩትን ያህል ሌላ ቦታ አይማሩትም። ለጊዜው ግን በዚህ ወር አንድ የፖሊመር ኬሚስት እና አንድ ባዮኬሚስት መምህር በጋራ እንዲያማክሩዎት ይጠይቁ፤ ጥያቄዎንም የሚያስፈልጉዎትን ኬሚካሎችና የሚለኩትን ነገር በሚዘረዝር የአንድ ገጽ ዕቅድ አስደግፈው ያቅርቡ።