«ከሰማይ ድምፅ መጣ» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

«ከምድር ውጪ የሚያስብ ፍጡር አለ ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ «አለ» ብሎም ሆነ «የለም» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚመልስላችሁን ሰው አትመኑት። ማስረጃውን በእጁ የያዘ እስካሁን የለም። ይህን የምጽፈው በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በመሐል ሜዳና በአንኮበር ፊዚክስና ኤሌክትሮኒክስ ለምትማሩት ነው። ጥያቄው የወግ ማድመቂያ ብቻ ሆኖ እንዲቀርባችሁ አልፈልግም፤ በእጅ የሚሠራ ሥራ አለው።

ግምቴን አልደብቃችሁም። በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ሕይወት በብዙ ቦታ ይኖራል ብዬ አስባለሁ፤ ሬዲዮ ሠርቶ የሚጣራ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ፕላኔት እንደሆነ ሞልቷል። በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ከ5,000 በላይ ተረጋግጠዋል፤ ከነሱም አንዷ በ2019 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ በተሰጠው ዕድል «አቦል» ተብላለች፣ ኮከቧም «ቡና»። አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የከበደች የጋዝ ኳስ ስለሆነች እግር የሚቆምበት መሬት የላትም። ችግሩ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ምድር ላይ ሕይወት ቢያንስ 3.5 ቢሊዮን ዓመት ኖሯል፤ ሬዲዮ ግን ገና መቶ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፍራንክ ድሬክ በጋላክሲያችን ስንት የሚጣሩ ሥልጣኔዎች እንዳሉ ለመገመት በ1961 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያቀረበውን ስሌት በራሳችሁ እጅ ሥሩት። በኛ ጋላክሲ በፍኖተ ሐሊብ በዓመት 2 ያህል ኮከብ ይወለዳል እንበል። ከአምስቱ አንዱ ለሕይወት የሚመች ፕላኔት ይኑረው፣ ከነዚህም ከመቶ አንዱ ሬዲዮ እስከ መሥራት ይድረስ፣ የደረሰውም 10,000 ዓመት ይቆይ። 2 × 0.2 × 0.01 × 10,000 = 40። አሁን ቆይታውን ወደ 200 ዓመት አውርዱት፤ 0.8 ይወጣል፣ ማለትም እኛው ብቻ። «ከመቶ አንዱ» እና «10,000» የኔ ግምቶች ናቸው፤ የናንተን አስገቡና ውጤቱ እንዴት እንደሚዋዥቅ እዩ። 40ም ቢሆኑ፣ 100,000 የብርሃን ዓመት (አንዱ ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) በሚሰፋ ጋላክሲ ላይ ሲበተኑ የቅርብ ጎረቤት የምንለው በሺዎች የሚቆጠር የብርሃን ዓመት ይርቃል።

ስለዚህ ንግግር ስትሉ ስልክ አይታያችሁ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450ዎቹ እ.ኤ.አ. ደብረ ብርሃንን ሲመሠርቱ፣ 280 የብርሃን ዓመት ወደሚርቅ ኮከብ ጥያቄ ተልኮ ቢሆን ኖሮ መልሱ የሚደርሰው በናንተ ዕድሜ ነበር። ቅርቡን ለማየት ደግሞ በግንቦት አጋማሽ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ደቡብ ዞራችሁ ከአድማሱ ብዙም ከፍ ያላሉ ሁለት ደማቅ ከዋክብት ፈልጉ። የግራው አልፋ ሴንታውሪ ነው። በዓይን የማትታየው ጓደኛው ፕሮክሲማ 4.2 የብርሃን ዓመት ትርቃለች፤ ቮያጀር 1 የተባለው የጠፈር መንኮራኩር በሚሄድበት ፍጥነት፣ በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር፣ እዚያ ለመድረስ ወደ 75,000 ዓመት ይፈጃል። የሚቀረን ማዳመጥ ነው።

ማዳመጥ ደግሞ ከሞላ ጎደል የራስን ጫጫታ ማጣራት ነው። ተፈጥሮ ሬዲዮን በሰፊው ትበትናለች፤ የሰው ማሰራጫ ግን 1 ኸርትዝ በማይሞላ ስፋት ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ የሚፈለገው በድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ግራፍ ላይ የሚታይ ቀጭን መስመር ነው። ሲገኝ ቴሌስኮፑ ለጥቂት ደቂቃ ከኮከቡ ላይ ይነሣል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይነሣል። ዞር ሲል መስመሩ ካልጠፋ ምንጩ እኛው ዘንድ ነው። ምድር ስለምትሽከረከር ከሩቅ የመጣ ድግግሞሽ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰም ከምድር ነው። ይህን ሁሉ ያለፈም ያሳስታል። በ2019 በአውስትራሊያው ፓርክስ ቴሌስኮፕ ከፕሮክሲማ አቅጣጫ በ982 ሜጋኸርትዝ የተመዘገበው መስመር ቴሌስኮፑ ሲዞር የጠፋ መስሎ ነበር። በሌሎች ድግግሞሾች ላይ በተመሳሳይ መንገድ የሚንሸራተቱ መንትዮቹ ሲገኙ ግን የሰው መሣሪያ ጣልቃ ገብነት መሆኑ ታወቀ፤ ውጤቱም በ2021 ታተመ። እዚያው ፓርክስ ለዓመታት ያደናገረ ሌላ ምልክት በ2015 ሲመረመር፣ ሥራውን ሳይጨርስ በሩ የተከፈተ ማይክሮዌቭ ምድጃ ሆኖ ተገኘ።

እጃችሁን የምታፍታቱበት ሥራ የሃይድሮጂንን «ድምፅ»፣ ማለትም በጠፈር ያለው የሃይድሮጂን ጋዝ የሚለቀውን የሬዲዮ ሞገድ፣ መያዝ ነው፤ 1420.4 ሜጋኸርትዝ፣ የሞገድ ርዝመቱ 21 ሴንቲ ሜትር። ድሬክም በ1960 ፍለጋውን የጀመረው በዚሁ ድግግሞሽ አካባቢ ነበር። አፉ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ፈልጉ። ከ12.4 በታች ከሆነ ሞገዱ ጭራሽ አይገባምና በትንሿ ጣሳ አትድከሙ። ርዝመቱ ቢያንስ 28 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ሁለት ጣሳ ቀጥሉ፤ መጋጠሚያው ዙሪያውን ብረት ለብረት ይንካ። ከቂጡ 9.3 ሴንቲ ሜትር ላይ ብሱና 5 ሴንቲ ሜትር የመዳብ ሽቦ በኮኔክተር ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ሽቦው ግድግዳውን እንዳይነካ። አፉ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር የሚከፈት የካርቶን ጥሩምባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም ፎይል የተለበጠ፣ ግጠሙ። ለዚህ ድግግሞሽ የተሠራው ማጉያ ከነፊልተሩ እዚያው ጣሳው ላይ ይሁን፤ ከገመዱ ወዲህ ካደረጋችሁት ገመዱ የበላውን መልሶ አያመጣም። ቀጥሎ የዲሽ ገመድ፣ ከዚያ አርቲኤል ኤስዲአር የሚባለው ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ መቀበያ፣ ከዚያ ላፕቶፕ።

መጀመሪያ ጥሩምባውን ወደ መሬት ድፉት። መሬት ከሰማይ ስለሚሞቅ ጫጫታው ከፍ ማለት አለበት፤ ካላለ ማጉያው ኃይል አላገኘም ወይም የመቀበያው የማጉላት መጠን (ጌይን) ከልክ በላይ ከፍ ብሏል። መቀበያውን 20 ደቂቃ አሙቁት፤ ሲሞቅ ይንሸራተታል፣ ከሚሊዮን አንድ ስሕተት እዚህ ላይ 1.4 ኪሎኸርትዝ ነው። ከዚያ በነሐሴ መጀመሪያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ቀጥታ ወደ ላይ አቅኑት፤ ፍኖተ ሐሊብ በአናታችሁ ላይ ነው። የክረምት ደመና ይህን ሞገድ አያግደውም፣ ጣሳው ውስጥ ውኃ እንዳይገባ ብቻ በስስ ላስቲክ ሸፍኑት። ምልክቱን 10 ደቂቃ አጠራቅሙ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ድገሙት፣ የኋለኛውን ከፊተኛው ቀንሱ። ከ1420.4 ዝቅ ወዳለው ጎን የተዘረጋ ጉብታ ይወጣል፤ በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር የሚርቀን ጋዝ 0.47 ሜጋኸርትዝ ወደ ታች ይወርዳልና። በጉብታው ፈንታ መርፌ የመሰለ መስመር ካያችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ፣ የኤልኢዲ አምፖሉን አጥፉ፣ ስልኮቹን አርቁ።

በዚህ ጣሳ ባዕድ ፍጡር አይሰማም። ግን የፓርክስ ሰዎች የሚያደርጉትን ማጣራት የምትለምዱት በሱ ነው።

አንድ ቀን ምንም የማይሽረው መስመር ቢገጥማችሁ በማኅበራዊ ሚዲያ አትልቀቁት፣ መልስም አትላኩ። በ1989 ዓለም አቀፉ የአስትሮኖቲክስ አካዳሚ ያወጣው መግለጫ የሚለው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ሌላ ታዛቢ ቦታ ያረጋግጥ፣ ያለ ዓለም አቀፍ ምክክርም መልስ አይሰጥ። ሌላው እንዲያረጋግጥላችሁ ደግሞ መዝገባችሁ ሊነበብ ይገባል። አቅጣጫውን፣ ድግግሞሹን፣ የመቀበያውን ቅንብር ጻፉ፤ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) አድርጉት። የኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እዚያ 19:00 ነው።